ብድሩ ተገኘ፣ ልጁን ማን ይያዝ?

ስለ ሴቶች የሥራ ድጋፍ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ብር ነው። ስንት ተመደበ? ስንት ሴቶች ተበደሩ? ስንቶቹ መለሱ? ብሩ አያስፈልግም የሚል የለም፣ እኔም አልልም። ግን ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ጋ ስንደርስ ነገሩ ይለያል። አብዛኛው ድጋፍ የተሠራው ቤት ውስጥ ሌላ አዋቂ ሰው አለ ተብሎ ነው። ልጅ ሲታመም አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ሥራው በእግሩ እስኪቆም ድረስ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ እሷ ወረዳ ስትመላለስ ሱቁን የሚጠብቅ ሰው። እሷ ቤት ያ ሰው የለም። ብዙ ድጋፍ ተሰጥቶ ውጤቱ የሚጠፋውም እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከአራት ቤተሰብ አንዱ የሚመራው በሴት ነው። ሁሉም ብቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው ማለት አይደለም፣ ባለቤቷ ራቅ ያለ ቦታ የሚሠራም አለች። ቢሆንም ብዛቱን ለመገመት ይረዳል። ደግሞ እነዚህ እናቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ባሏ የሞተባት አለች፣ በጦርነቱ ያጣችው አለች፣ በፍርድ ቤት የፈታች አለች፣ ሳታገባ የወለደች አለች፣ ባሏ “ሥራ ፍለጋ” ብሎ ወጥቶ የውሃ ሽታ የሆነባት አለች፣ ከአረብ አገር ልጅ አዝላ የተመለሰችም አለች። ለአንዷ የሚያስፈልገው ለሌላዋ አያስፈልግም። ወረዳ ላይ የሚሞላው ቅጽ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት እንውሰድ። ብዙዎች የሚጀምሩት በዚህ ነው። ሙያውን ያውቁታል፣ ገበያውም ሰፈር ውስጥ አለ። በሁለት ዓመት የሚከፈል 60,000 ብር ተበደረች እንበል። ዋናው ብቻ በወር 2,500 ብር ነው፣ ወለዱ ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። በብሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ትገዛለች፣ ጤፍ ታስገባለች፣ የኪራይ ቅድሚያ ትከፍላለች፣ የቤቱ መስመር ምጣዱን የማይችል ከሆነ እሱንም ታሠራለች። ሊጥ ተቦክቶ ለመጋገር ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ረቡዕ የምትጋግረውን እሑድ ወይ ሰኞ ታቦካለች። ማክሰኞ ሌሊት ልጇን ትኩሳት ያዘው። ረቡዕ ጤና ጣቢያ ዋለች። ሊጡ ይኮመጥጣል። ሐሙስ ልትጋግረው ስትነሳ መብራት ሊጠፋ ይችላል። እንጀራ የሚረከባት ምግብ ቤት አንድ ቀን ካጣት ከሌላ ይወስዳል፣ እዚያው ሊቀርም ይችላል። ያም ሆኖ ምግብ ቤቱ ብዙ ጊዜ በየቀኑ አይከፍላትም፣ በዱቤ ይዞ በሳምንት ወይ በ15 ቀን ነው የሚዘጋላት።

የብድሩ ወር ግን ሞላ። ከምን ትክፈል? ትርፍ ገና የለም። ከጤፉ መግዣ ትከፍላለች፣ እሱ ሲያልቅ ከልጆቹ እራት። ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ብሩ አልቆ ዕዳው ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሰው “ካፒታሉን በላችው” ይላታል።

ይህ አባባል ያናድደኛል። አዎ፣ ልጆቿን አበላችበት። ሌላ ገቢ በሌለበት ቤት የንግዱ ብርና የቤቱ ብር አንድ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። “ቤትሽንና ንግድሽን ለይተሽ ያዥ” የሚለው የሥልጠና ትምህርት ትክክል ነው፣ ግን ለመለየት መጀመሪያ ከሁለት ቦታ የሚመጣ ብር ያስፈልጋል። ደመወዝተኛ ባል ያላት ሴት ንግዷ በእግሩ እስኪቆም በባሏ ደመወዝ ትኖራለች። እሷስ በምን ትኑር? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ድጋፍ ካፒታሉ እንደሚበላ ከመጀመሪያው እያወቀ ነው የሚሰጠው።

በዓለም ላይ ስለ ሴቶችና ስለ ንግድ ካፒታል የተደረጉ ጥናቶች ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ሰፊ ወሬ ሊሆን ሲገባው ያልሆነ። ስሪላንካና ጋና ውስጥ ለትናንሽ ነጋዴዎች ገንዘብ በነፃ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲለካ የወንዶቹ ትርፍ አደገ፣ የብዙዎቹ ሴቶች ግን አላደገም። ከዚያ ሴቶች ካፒታል ቢሰጣቸውም አያሳድጉትም የሚል ድምዳሜ ተወራ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት የእነዚህን ሁለት አገሮችና የህንድን መረጃ እንደገና አገላበጠው። የተገኘው ነገር የቀደመውን ወሬ የሚገለብጥ ነው። የሴቲቱ ትርፍ የማያድገው ባሏም የራሱ ንግድ ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ ለእሷ የተሰጠው ብር ወደ እሱ ሥራ ይሄዳል። በቤቱ ውስጥ ነጋዴዋ እሷ ብቻ ስትሆን ግን ትርፏ እንደ ወንዶቹ ያድጋል።

ጥናቱ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችን ለይቶ ያጠና አይደለም፣ ስለዚህ ከሚለው በላይ መጎተት የለብንም። ነጋዴዋ እሷ ብቻ በሆነችበት ቤት ውስጥም ቢሆን ደመወዝ የሚያመጣ ባል ሊኖር ይችላል። ግን አንድ ነገር ያፈርሳል፣ “ሴት ናት፣ ባል የላትም፣ ብር ብንሰጣት አደጋ ነው” የሚለውን ግምት። የእሷን ብር ወደ ራሱ ሥራ የሚወስድ ሰው ቤቷ የለም። ንግዷ የቤቱ ብቸኛ ንግድ ነው። አበዳሪ በዚህ በኩል ቢያያት ከብዙ ደንበኞቹ የተሻለች ናት። የጎደላት የብድር ክፍያ ሳይጀመር የመቆያ ጊዜና ልጅ የሚይዝላት ሰው ነው።

የመቆያ ጊዜን በተመለከተ የሕንዷ ኮልካታ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ አንድ የብድር ተቋም ለተወሰኑ ሴቶች የመጀመሪያውን ክፍያ በሁለት ወር ገፋላቸው። ለሌሎቹ እንደተለመደው ብድሩ በተሰጠ በሁለተኛው ሳምንት ክፍያ ተጀመረ። ጊዜ የተሰጣቸው ሴቶች ብሩን በርከት አድርገው ሥራው ላይ አዋሉት፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ትርፋቸው ከሌሎቹ በግልጽ በልጦ ተገኘ። ያልተመለሰ ብድርም ጨመረ፣ ይህንን መደበቅ አይገባም። ጊዜ ያገኘ ሰው ደፈር ያለ ነገር ይሞክራል፣ ከሞከሩት ውስጥ ያልተሳካላቸው ይኖራሉ። አበዳሪ ተቋም ይህንን ብቻውን ይሸከም ማለት አይቻልም። መንግሥትና ለጋሾች ለሴቶች ብለው የሚመድቡት ብር የዋስትና ፈንድ ሆኖ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተመለሰውን በከፊል ቢሸፍን ተቋሙ የሁለት ወር ጊዜ ለመስጠት አይፈራም።

ብድር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ደግሞ እዚሁ አገራችን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 አማራና ኦሮሚያ ገጠሮች ውስጥ የአነስተኛ ብድር አገልግሎት የገባባቸውና ያልገባባቸው ቀበሌዎች ተነጻጽረው ነበር። ተበዳሪ በርክቷል። የቤተሰቡ ኑሮም ሆነ የሴቶቹ አቅም ግን ያን ያህል አልተለወጠም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ የስድስት አገሮች ጥናት አለ፣ ከስድስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት፣ ሥራው የተሠራውም ትግራይ ውስጥ ነበር። እዚያ ለቤተሰቡ የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። በግ፣ ፍየል፣ ንብ የመሳሰለ ሀብት ይሰጣል፣ ሀብቱ እስኪያፈራ የሚበላ ይሰጣል፣ ሥልጠና አለ፣ ቁጠባ አለ፣ እየመጣ የሚጠይቅ ባለሙያ አለ። ድጋፉ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ የቤተሰቦቹ ኑሮ ተሻሽሎ ነበር። የሚበላ ነገር መጨመሩ በጉን ከመታረድ አድኖታል። ከተማ ላለችው እንጀራ ጋጋሪም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው፣ ለጥቂት ወራት የልጆቿ ምሳና ኪራይ ከካፒታሉ ውጭ መሸፈን።

በከተማ ለዚህ ቅርብ የሆነው ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች የአካባቢ ሥራ ሰጥቶ የሚከፍለው ፕሮግራም ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር 450 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር፣ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከመንግሥት፤ ታቅዶ የነበረውም 604,000 ሰዎችን ለመድረስ ነው። ማለዳ መንገድ ሲጠርጉ፣ አረንጓዴ ቦታ ሲያለሙ የምናያቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ያለፉ ናቸው። አሠራሩ ጥሩ ሐሳብ አለው። ከሚከፈላቸው 20 በመቶው ይቆጠባል፣ ሲወጡ ደግሞ ለቤተሰቡ ወደ 500 ዶላር የሚጠጋ መነሻ ይሰጣል፣ ሥልጠናም አለ። “ከሴፍቲኔት ተመረቀች” ይባላል። እኔ የምሰጋው ለምረቃው ቀን ነው። የወር ክፍያው በሚቆምበትና ንግዱ በሚጀመርበት መሃል ያሉት ወራት ለዚህች እናት ከሁሉም የከፉ ናቸው። ሁለቱ ቢደራረቡ፣ ማለትም ንግዱ ተጀምሮ ቢያንስ ለጥቂት ወራት ክፍያው ቀንሶም ቢሆን ቢቀጥል፣ መነሻው ብር ሥራ ላይ የመቆየት ዕድሉ በጣም ይጨምራል።

ሌላው ችግር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ምጣድ፣ የስፌት መኪና፣ ማቀዝቀዣ፣ ዘይት፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የብድር ጥያቄ ከገባችበት ቀን እስከ ተፈቀደላት ቀን ወራት ካለፉ የተጻፈው ብር የሚገዛው ዕቃ ይቀንሳል። የአንድ ማኅተም መዘግየት ለሌላው ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለእሷ ግን ባለ ሁለት ምጣድ ሊሆን የነበረውን ሥራ ባለ አንድ ምጣድ ያደርገዋል።

ወደ ወረቀቱ ልለፍ፣ ምክንያቱም ብዙ እናት ብሩ ጋ ሳትደርስ የምትወድቀው ወረቀቱ ላይ ነው።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 ላይ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ልብ በሉ፣ 500 ብር ነው። ሕጉ የወጣው የጋራ ሀብትን ለመጠበቅ ነው፣ ሚስቶችን ከባሎቻቸው ዕዳ ያዳነበት ጊዜም ሞልቷል። ችግሩ ባሏ ጥሏት የጠፋባት ሴት ላይ ነው። በሕግ ፊት አሁንም ያገባች ናት። አበዳሪው የባል ፊርማ አምጪ ይላታል፣ ባሉ የት እንዳለ አታውቅም። ያላገባች ናት የሚል ማስረጃ ወረዳ ሊጽፍላት አይችልም፣ አግብታለችና። የቀራት ፍርድ ቤት ሄዳ መፍታት ነው። ሰውየው አድራሻው ካልታወቀ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ደግሞ ቀጠሮ። በየቀጠሮው የአንድ ቀን ሥራ ይቀራል። እንዲህ ዓይነት እናቶች ስንት እንደሆኑ ከሁሉ በፊት የሚያውቁት የየወረዳው ሠራተኞች ናቸው። ለትናንሽ ብድሮች፣ ባሏ ለተወሰነ ጊዜ መጥፋቱ በእድርና በወረዳ ከተረጋገጠ ፊርማው የሚቀርበት አሠራር ቢበጅ ማንንም አይጎዳም። በዛሬ ዋጋ 500 ብር የጋራ ሀብትን የሚያናጋ ዕዳ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም።

ቀጥሎ ዋስትና ይመጣል። ቤት የላትም፣ ተከራይ ናት። መኪና የላትም። ስለዚህ ወይ የደመወዝ ዋስ ታምጣ ወይ በቡድን ትደራጅ። የደመወዝ ዋስ ማለት ቋሚ ሠራተኛ የሆነ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ባትከፍይ ከደመወዜ ይቆረጥ ብሎ መፈረም ነው። ጓደኞቿ ጉልት የሚቸረችሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው። ደመወዝተኛ ዘመድ ያለው ሰው ይኖራል፣ የሌለው ግን የለውም። የቡድን ዋስትናው በተራው የራሱ ችግር አለበት። አምስት ሆነው ሲበደሩ አንዷ ካልከፈለች አራቱ ይከፍላሉ። ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ፣ ረዳት የሌላት፣ ቤት የምትቀያይር ሴት ቡድን ሲመሠረት መጨረሻ የምትጠራ ናት። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ እነሱም ለልጆቻቸው ይፈራሉ።

በሕግ ደረጃ መውጫው ተጀምሯል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ማለትም የስፌት መኪናን፣ ማሽንን፣ ሸቀጥን፣ ገና ያልተሰበሰበ ሂሳብን ጭምር በመያዣነት አስመዝግቦ መበደር እንዲቻል ፈቅዷል። እንጀራ በዱቤ የምትሰጠው ምግብ ቤት ያለበት ዕዳ ራሱ መያዣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ በጽሑፍ ከተያዘ። በተግባር ግን ባንክ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤት ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክሯል፤ አቅም ያላቸው ሰዎች ባንኩ ውስጥ የሚያስቀምጡት ገንዘብ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስትና ይሆናል። ሐሳቡ በጣም ደስ ይለኛል፣ ሌሎች ባንኮች ለምን እንዳልተሻሙበት አይገባኝም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው ዋይዝ የሚባለው ድርጅትም አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሴቶችን በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አሰባስቦ፣ ሥልጠናን ከቁጠባ ጋር አያይዞ ሄዷል። እዚያ መያዣው በአብዛኛው የሴቶቹ የቁጠባ ታሪክ ነው። ለአነስተኛ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክትም መነሳት አለበት። በልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ ብድር ተቋማት እየደረሰ ለሴቶች በቡድን ሳይሆን በግል ብድር የሰጠ ፕሮጀክት ነው፣ ለብዙዎቹም የመጀመሪያ ብድራቸው ነበር። የቡድን ብድር የማይበቃቸው፣ ለባንክ ደግሞ ሥራቸው የሚያንስ ሴቶችን ነው የደረሰው፣ ያንን በደንብ ሠርቷል። ግን የተሠራው ንግድ ፈቃድ ላላትና ሥራዋን ለጀመረች ሴት ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ የምትቸረችረው፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዕቃዋን በማዳበሪያ ጠቅልላ የምትሮጠው እናት እዚያ በር ላይ አትደርስም። ለእሷ የመጀመሪያው ድጋፍ የማትባረርበት አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ነው። ቦታውም ለቤቷና ለልጇ ትምህርት ቤት ቅርብ መሆን አለበት። ከከተማ ዳር የተሰጠ ሼድ ለወጣት ወንዶች ቡድን ሊጠቅም ይችላል፣ ለእሷ ግን የታክሲው ወጪና ልጁ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት ቦታውን ከንቱ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በመልሶ ማልማት ከነባር ሰፈራቸው የተነሱ እናቶች ላይ የደረሰውም ይህ ነው። ቤት ተሰጥቷቸው እንኳ ደንበኛቸው፣ ዱቤ የሚሰጣቸው ባለሱቅና ልጅ የምትጠብቅላቸው ጎረቤት አብረዋቸው አልሄዱም።

ጎረቤት ካልኩ አይቀር ወደ ልጅ ጥበቃው ልግባ፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ፣ ቁጥር 1064፣ ደንግጎ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ደግሞ ተቀጣሪ እናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ግን ደመወዝተኛ ለሆነች ሴት ናቸው። በግሏ የምትቸረችር እናት ወልዳ በምትተኛበት ጊዜ የሚከፍላት የለም፣ ማቆያም የላትም። ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አዝላ ጭስ ውስጥ ትጋግራለች፣ ወይ የስምንት ዓመት ሴት ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ታስጠብቃለች። እንዲህ ሲሆን የእናቲቱ ንግድ በልጂቱ ትምህርት እየተከፈለ ነው። ማንም የብድር ሪፖርት ላይ አይጽፈውም።

ናይሮቢ ውስጥ ኮሮጎቾ በሚባለው የድሃ ሰፈር የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ለእናቶች የልጅ ማቆያ ወጪ ሲሸፈንላቸው ሥራ የያዙት ቁጥር ካልተሸፈነላቸው ጋር ሲነጻጸር በ17 በመቶ በለጠ። ነገር ግን ጭማሪው በአብዛኛው ከባለትዳሮቹ ነው የመጣው። ብቻቸውን የሚያሳድጉትስ? እነሱ መጀመሪያም ሳይሠሩ የመኖር ምርጫ አልነበራቸውም። የተለወጠላቸው የሥራው ዓይነት ነው፣ ገቢያቸው ሳይቀንስ ሰዓቱ የታወቀና የተስተካከለ ሥራ ወደ መያዝ ሄዱ። እንግዲህ ማቆያ ያለው ጥቅም “ሥራ ፈጠረ ወይስ አልፈጠረም” በሚል ብቻ ከተለካ የእነዚህ እናቶች ጥቅም አይታይም። ቀኑን ሙሉ የዋለ ድካም ሲቀንስ፣ እናት ለልጇ የምትተርፍበት ሰዓት ሲገኝ፣ እሱም መቆጠር አለበት።

ስለዚህ ለሴቶች ተብሎ የገበያ ማዕከል ወይም ሼድ ሲሠራ አንዱ ክፍል ለሕፃናት ማቆያ ይሁን። ማቆያውን የሚያንቀሳቅሱትም እዚያው ካሉ እናቶች ውስጥ ሠልጥነው የሚቀጠሩ ይሁኑ። አዲስ አበባ በትምህርት ቤት ምገባ ይህን የመሰለ ነገር አድርጋለች። ምገባው በመጀመሪያ በየእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር ተጀምሮ ኋላ ከተማ አስተዳደሩ የያዘው ነው፣ ምግቡን የሚያዘጋጁት “መጋቢ እናቶች” የሚባሉ ሴቶች ናቸው። በአንድ ሥራ ሁለት ነገር ሆኗል፤ ለአንዷ እናት ደመወዝ፣ ለሌላዋ እናት የልጅ ቁርስና ምሳ። ልጇ ትምህርት ቤት የሚበላላት እናት ያንን ብር ሥራዋ ላይ ማዋል ትችላለች፣ ምሳ ልታበስል ሱቋን መዝጋትም አይኖርባትም። በእኔ እምነት ይህ ምገባ “ለነጋዴ ሴቶች ድጋፍ” ተብለው ከተጠሩ ብዙ ነገሮች በላይ ደግፏቸዋል።

አባትየውን ረስተን ማለፍም አንችልም። ሲለያዩ ልጅን የማሳደግ ግዴታ በእናት ላይ ብቻ አይወድቅም፣ ሕጉ ቀለብ ይቆርጣል። አባትየው ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ ተቆርጦ ሊከፈላት ይችላል። ነጋዴ፣ ሾፌር ወይ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ገቢውን ማስረዳት ከባድ ነው፣ ብዙ ሴቶችም ጭቅጭቁን ፈርተው ይተዉታል። አልፈርድባቸውም። ግን ቀለብ በየወሩ የሚገባ ብር ነው፣ ወለድ የለውም፣ ዋስ አይጠይቅም። ለኪራይ እንኳ ቢበቃ ካፒታሉን ከመበላት ያድናል። የብድርና የሥልጠና ቢሮዎች እናቲቱን ሲመዘግቡ ቀለብ ታገኝ እንደሆነ ቢጠይቁና የማታገኘዋን ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢመሯት ያለ ምንም በጀት ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንዲህ ያለውን ነፃ ድጋፍ ለዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ መሆናቸው፣ እናት ባንክ ሲቋቋምም ከፊት የነበሩት እሳቸው መሆናቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። የፍርድ ቤቱንም የባንኩንም በር ለሚያውቅ ሰው ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ስለ ስልክ ብድርም ብዙ ሰው ይጠይቃል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ “መላ” የሚባለውን ብድር ይዞ መጣ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም “ሚቹ” አለው። ያለ መያዣ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ወረዳ ደብዳቤ መሆናቸው ለዚህች እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ጠዋት ሽንኩርት አንስታ ማታ ለምትሸጠው ይጠቅማል። ለምጣድና ለማሽን መግዣ ግን አልመክርም። መመለሻው አጭር ነው፣ ማሽን ደግሞ ብሩን የሚመልሰው ቀስ ብሎ ነው። አንዱን ለመክፈል ከሌላው መበደር ከተጀመረ ማቆሚያው ይከብዳል።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ቤይሩትም ሪያድም ዋሽንግተንም ሆናችሁ ለእህታችሁ “ሥራ ትጀምርበት” ብላችሁ በአንዴ የምትልኩት ብር ብዙ ጊዜ ለሠርግ፣ ለሕክምናና ለኪራይ ሲሄድ ታያላችሁ፣ ከዚያ ቅያሜ ይመጣል። ብትከፋፍሉት ይሻላል። ለዕቃው የሚሆነውን አንድ ጊዜ ላኩ፣ የስድስት ወር ኪራይና የልጅ ማቆያ ደግሞ በየወሩ። በየወሩ የሚገባው ትንሽ ብር የመጀመሪያውን ትልቅ ብር ይጠብቅላታል። ምን እንደገዛች በየቀኑ መጠየቅ ግን ያሳፍራታል፣ ተዉት።

ብድር ልትወስዱ ያሰባችሁ እናቶች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ለብድር ሠራተኛው የምትጠይቁት አለ። የመጀመሪያው ክፍያ ከስንት ቀን በኋላ ነው? ወለዱ የሚሰላው በዋናው ብድር ላይ ነው ወይስ ከፍላችሁ በቀረው ላይ? ይህ ልዩነት ቀላል ብር አይደለም። ቅድመ ቁጠባው ስንት ነው፣ መቼስ ይመለስላችኋል? ክፍያው በወር ፋንታ ገበያችሁ ደህና በሚሆንበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከበዓል ሰሞን በኋላ ከፍ ብሎ በጾም ዝቅ ብሎ ሊደረግ ይችላል ወይ? ሥጋና ቅቤ የምትሸጠዋ በዐቢይ ጾም ሁለት ወር ያህል ገበያ የላትም፣ ሽሮና ምስር የምትሸጠዋ ደግሞ ያኔ ነው የሚሞቅላት። ልጅ ታሞባችሁ አንድ ክፍያ ቢያልፍ ቅጣቱ ስንት እንደሆነም በቃል አይነገራችሁ፤ ውሉ ላይ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጣቱ እያመለከተ ያሳያችሁ፣ ማንበብ ለማትችል ደግሞ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ፣ የውሉንም አንድ ቅጂ ይዛችሁ ውጡ።